በልብስ ላይ የታየ ጀርባ፤ ለሲስተር አስካለ መታሰቢያ

ሲስተር አስካለ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። «እትዬ ዘይነባ፣ አክስቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ከዘመድ ሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ እንድናገር አደራ ብለውኝ ነበር» አለች። ለምን እኔን እንዳስቀደሙ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም። ከአጋሮ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ጅማ ገባሁ፤ ከሄርማታ ሰፈር ሴቶች ጋር ቆሜ ሸኘኋቸው።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው ስለ እሳቸው ተናገረ። አንዷ በምጥ ጊዜ እሷንም ልጇንም እንዴት እንዳተረፏቸው፣ ሌላው ለፈንጣጣ ክትባት በዝናብ በበቅሎ እስከ ሸቤ ገጠር ድረስ እንደሄዱ አነሣ። ሁሉም እውነት ነው። የተማሪዎችን ጀርባ ሲለኩ መኖራቸውን ግን ያነሣ ሰው አልነበረም። ይህ አልገረመኝም። ጀርባው በጊዜ የታየለት ልጅ ቀጥ ብሎ አድጎ ወደ ጉዳዩ ሄዷል፤ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። የማስታውሰው በጊዜ ሳይታይልኝ የቀረሁት እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ መናገር ስለማይሆንልኝ፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጻፍሁ።

ሲስተር አስካለ ወደ ጅማ የመጡት በንጉሡ ዘመን፣ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጡ ነው። የሸዋ ሰው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ርምጃቸው ፈጣን፣ ነጭ ጫማቸውን በጅማ ጭቃ ውስጥ እንዴት ንጹሕ እንደሚያቆዩት ማንም ያልደረሰበት ወጣት ሴት ነበሩ። የታዘዙት በትምህርት ቤቶች እየዞሩ ዐይንና እከክ እንዲያዩ፣ ክትባት እንዲሰጡ ነበር። ጀርባ መለካትን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ አከርካሪ ያለ ምንም ሕመም ወደ ጎን ሊጣመም እንደሚችል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በጄሶ ተይዞ መጣመሙ ሊገታ እንደሚችል አስተምሯቸው ነበር። «ጥርስ ሲበላሽ ያስለቅሳል» ይሉን ነበር። «ጀርባ ግን ድምፅ የለውም። ሄደን ካላየነው አይጠራንም።»

አለካካቸው እንዲህ ነበር። ልጁን በመስኮት ብርሃን ላይ፣ ጀርባውን ወደ እሳቸው አዙረው ያቆሙታል። በእርጥብ ጠመኔ ከአንገት እስከ ወገብ በእያንዳንዱ የአከርካሪ ጉብታ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ከዚያ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ የሚያይበትን ዓይነት ቱንቢ ከአንገቱ ሥር ቁልቁል ይለቁና፣ ነጥቦቹ ከክሩ ምን ያህል እንደሸሹ ይመለከታሉ። በመጨረሻ ልጁ መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ያጎነብሳል። እሳቸው ከኋላው ተንበርክከው ዐይናቸውን ከጀርባው እኩል ያደርጋሉ። አከርካሪው የተጣመመ ከሆነ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል።

እኛን የሙስሊም ልጆችን «እንደ ሩኩዕ አድርጊ» ይሉን ነበር። ስግደት ላይ የምናጎነብሰውን ከማን እንደተማሩት አላውቅም። በተለካሁበት ቀን ከኋላዬ የተሰለፈችው ሩቂያ፣ «ሩኩዕ ለሲስተር ነው እንዴ ዘይነባ? ለአባትሽ ባልነግርብሽ» አለችኝ።

«ቂብላውም በዚህ በኩል አይደለም» አለች ሌላዋ፤ ስንሰግድ የምንዞርበትን አቅጣጫ ማለቷ ነው።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሲስተርም ሳቁ። «ሳቁ፣ ሳቁ። ጀርባችሁን ብቻ አታነቃንቁብኝ» አሉ።

ሌሎቹ ልጆች መጋረጃው ኋላ ገብተው የዩኒፎርማቸውን ቁልፍ እየፈቱ ነበር የሚቀርቡት። እኛ ስንደርስ ግን ሲስተር ሻሻችንን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናንተ ግዴለም፣ አታውልቁ። በላዩ አያችኋለሁ» አሉ። ለሰው አገር ሃይማኖት ክብር መስጠታቸው ነበር። ደስ አለን። ከክርስቲያን ጓደኞቻችን የተለየ ክብር ያገኘን መሰለን።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዩኒፎርሜን «ታድጊበታለሽ» ብላ፣ ጀርባው ላይ እጥፋት አብዝታ፣ በጣም አስፍታ ነው የሰፋችው። ሲስተር በዚያ ጨርቅ ላይ ጣታቸውን ቁልቁል ሲያወርዱ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ። መልሰው ዳሰሱ። «ትንሽ ነገር ናት። በሚመጣው ዓመት ደግሜ አይሻለሁ» አሉኝና የሩቂያን ተራ ጠሩ።

በሚመጣው ዓመት እሳቸው ለክትባት ሥራ ወደ ሸቤ ተላኩ። የእኔም ቁመት የተመዘዘው በዚያ ዓመት ነው።

ነገሩ የታወቀው በዒድ ቀሚስ ነው። እናቴ ወንበር ላይ አቁማኝ የቀሚሱን ጠርዝ ብታስተካክል አንዱ ጎን ይወርዳል። ፈታችው፤ ደግማ ሰፋችው። አሁንም ወረደ።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ አንቺ ልጅ።»

«ቆሜያለሁ እኮ፣ እማ።»

«እንግዲያ መቀሱ ነው የከዳኝ» አለች። እንደገና ልትፈታው ጎንበስ ስትል ግን ተወችው። ቀሚሱን ከኋላዬ ከፍ አድርጋ አየች። «ዱግዳ ኬ» አለች በኦሮምኛ፤ ጀርባሽ ማለቷ ነው። በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ሲስተር ወሰደችኝ።

ሲስተር ከሸቤ ተመልሰው ነበር። ክሊኒካቸው ስንደርስ በሩን ዘጉና እናቴን፣ «ቢፈቅዱልኝ ልብሷን ላውልቅና ልያት» አሏት። እናቴ ራሷ አወለቀችልኝ። የጠመኔው ነጥብ ጀርባዬ ላይ እየወረደ ሲሄድ ተሰማኝ። ፊታቸውን ማየት አልችልም ነበር።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄደን ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ራጁን መስኮት ላይ አድርጎ፣ ከላይ በጣም ካዘነበለው አጥንት ጠርዝ አንድ መስመር፣ ከታችም በጣም ካዘነበለው ሌላ መስመር አሰመረ። ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩትን ማዕዘን እኛ በሒሳብ ክፍል በምንጠቀምበት ዓይነት ፕሮትራክተር ለካ። ከሃምሳ ዲግሪ በላይ ነበር። ሲስተር ፕሮትራክተሩን ተቀብለው ራሳቸው ለኩት። ያው ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ፤ ሲስተር ለእናቴ ባጭሩ ተረጎሙላት። ጄሶ የሚያግዘው ልጅ ገና በማደግ ላይ ሳለ ነው፤ የእኔ አጥንት ግን ዕድገቱን ወደ መጨረሱ ደርሷል። ከእንግዲህ እንዳይብስ ይያዝ እንደሆነ እንጂ ቀጥ አይልም።

«ያኔ ትምህርት ቤት አላዩአትም ነበር?» አለቻቸው እናቴ።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ?»

«በልብስ ላይ ነው ያየኋት።»

«ለምን በልብስ ላይ?»

«እንዳላስቀይማችሁ ብዬ ነው። ሃይማኖታችሁ…» አሉና ተዉት።

እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎ ሴት፣ እሷ ልጅ፣ በሩ ይዘጋል። እኔ ምን ያስቀይመኛል? ቢጠይቁኝ እኮ ራሴ መጥቼ አወልቅላት ነበር» አለች። ከዚያ ቁጣዋ ወደ ራሷ ዞረ። «ደግሞስ ምን አደረጉ እላለሁ? በቡና ለቀማ ዘንቢሉን በአንድ ጎኗ ያሸከምኳት እኔ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ ሲስተር ዝም ቢሉ እናቴ ሸክሙን ተሸክማው ትሄድ ነበር። የሚከራከራቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ተነሡ። «ዘንቢል አከርካሪ አያጣምምም። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ጣቴ ነግሮኝ ነበር። ጠመኔ አድርጌባት ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ራጅ ትነሣ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት።

አዲስ አበባ ድረስ የዓመት ዕረፍታቸውን ወስደው እሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። ከዳሌዬ እስከ አገጬ ጄሶ ተደረገልኝ። ወደ ጅማ ከተመለስን በኋላ በየሳምንቱ እቤታችን እየመጡ የጄሶው ጠርዝ ቆዳዬን እንዳይልጠው ያያሉ። አንገቴን ማቀርቀር ስለማልችል ደብተር ማየት ከብዶኝ ትምህርቴን ልተው ነበር። ሲስተር የሄርማታ አናጢ አነጋግረው ከዐይኔ እኩል የሚቆም፣ ዘመም ያለ የጽሕፈት ጣውላ አሠሩልኝ። ራሳቸው ተሸክመው ክፍል አስገቡት። መምህሩ ቦታ ያጣብባል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ «እርስዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉላት» አሏቸው። ትምህርቴን ሳላቋርጥ የቀጠልሁት በዚያ ጣውላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ለወጡ። አንድ ቀን አንድ ጥቅል አቡጀዲድ ይዘው እናቴ ዘንድ መጡ። ከፊት እስከ አንገት የተዘጋ፣ እጅጌው ረዥም፣ ከኋላ ግን በአከርካሪው መስመር ብቻ የሚከፈትና በጥብጣብ የሚታሰር ሸሚዝ እንድትሰፋላቸው ጠየቋት። እናቴ ያን ጊዜ ገና አልበረደላትም ነበር። ጨርቁን ተቀብላ ስታገላብጠው ቆየች።

«እሰፋልዎታለሁ። ግን ሸሚዝ አለኝ ብለው ሳይጠይቁ እንዳይለኩ» አለቻቸው።

«እጠይቃለሁ።»

እስከ ጡረታቸው ድረስ ጠየቁ። እናቶችን አስቀድመው ያስጠራሉ። ሙስሊም ሆነች ክርስቲያን፣ ልጅቱንም ለብቻዋ «ትፈቅጂልኛለሽ?» ይሏታል። ወንዶቹን ሳይቀር ይጠይቋቸው ነበር። ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ወስደው ሜዳ ላይ ኳስ ሲነጣጠቁ «ትፈቅድልኛለህ?» ይባባሉ ጀመር። ሲስተር ሲሰሙ አይከፋቸውም።

ጄሶው ወጥቶልኝ ከፍተኛ ክፍል ከደረስሁ በኋላ፣ በአስተርጓሚነት አብሬያቸው ወደ ሸቤ የሄድሁበት ጊዜ አለ። «የእኔ ኦሮምኛ ለሰላምታና ለመርፌ ብቻ ነው የሚበቃው» ይሉ ነበር። እዚያ አባ ጊዲ የሚባሉ የቡና እርሻ ባለቤት ሴት ልጃቸውን አላስለካም አሉ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ አልታመመችም፤ ቡና ስትለቅም ማንም አይቀድማትም። ለምን ትታያለች?» አሉ። ሲስተር በእኔ አፍ ብዙ አስረዷቸው። አልሆነም። በመጨረሻ አባ ጊዲ በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺስ? ይቺን ማን አጎበጣት?»

ሲስተር «ምን አሉ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«እኔ ነኝ በያቸው። እናቷን ሳልጠይቅ፣ በልብስ ላይ ዳስሼ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ በያቸው።»

ወደ አባ ጊዲ ዞሬ በኦሮምኛ «የረቢ ሥራ ነው» አልሁና አሳጠርሁት። ሲስተር ግን ረቢ የምትለዋን ቃል፣ ፈጣሪ ማለት እንደሆነች፣ ያውቋት ነበር።

«እንደዚያ አላልኩም ዘይነባ። እንደነገርኩሽ ንገሪልኝ።»

እንደነገሩኝ ነገርሁ። የራሴን ጀርባ ታሪክ፣ በሌላ ሰው ጥፋት አድርጌ፣ በማላውቃቸው ሰው ፊት ቃል በቃል መናገር ነበረብኝ። አባ ጊዲ እኔን አዩ፤ ሲስተርን አዩ። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል በራሱ ላይ ሲናገር ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከበሩ ዞር አሉና «ኢንተላ ኮ» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ሚስታቸውንም አስጠሩ። እናትና ልጅ አብረው ገቡ፤ ሸሚዙም ተለበሰ። ነጥቦቹ ከክሩ ሸሸት ብለው ነበር፤ ለሌላ ሰው ዐይን የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጅቱ በዚያው ወር ጄሶ ገባች። ከብዙ ዘመን በኋላ ገበያ ላይ አየኋት፤ ልጅ አዝላ ቀጥ ብላ አለፈች። አላወቀችኝም።

ያን ቀን ከሸቤ ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ምንም አልያዝኩብዎትም» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። አትንገሪኝ።»

«ለምን?»

መስኮቱን እያዩ ነበር የመለሱልኝ። «ይቅር ያልሽኝ ቀን እጄ ይለግማል። ሲደክመኝ፣ ሰልፉ ሲረዝምብኝ፣ አንዷን ልጅ ደህና ናት ብዬ አሳልፋታለሁ። አላሳልፍ የሚለኝ የአንቺ ትከሻ ነው። ተዪልኝ።»

ተውሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ያን ቃል አላነሣሁም።

ቀላል አልነበረም። ጅማ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ናት። ሄርማታ ገበያ በተገናኘን ቁጥር ሲስተር መጀመሪያ የሚያዩት ትከሻዬን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቴን የሚያዩት። ስቀውም ቢሆን ሳቃቸው ለአፍታ ይቋረጣል። እኔም ከሩቅ ሳያቸው ነጠላዬን በዝቅተኛው ጎን መደረብ፣ ወይም ፈጥኜ መቀመጥ ለመድሁ። ምንም ሳልናገር፣ ገበያ በመውጣቴ ብቻ ሰው የምቀጣ መሆኔ ከበደኝ። አጋሮ የጽሕፈት ሥራ ሳገኝ ሰው ሁሉ ለእንጀራ የሄድሁ መሰለው። ለእንጀራም ነበር። ግን ደግሞ ዐይናቸው ትንሽ እንዲያርፍ ብዬ ነበር። አርፎ እንደሆነ አላውቅም። በየዓመቱ መጨረሻ አጋሮ ትምህርት ቤት ሲመጡ ሥራ ቦታዬ ጎራ ይሉና፣ ትከሻዬን እንዲያዩ ቆሜ እንድቀበላቸው ይጠብቁ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያረፉበት ወር ከመግባቱ በፊት ነው። የእህታቸው ልጅ ቤት ፎቅ ላይ ነበሩ። የዐይናቸው ብርሃን ከሄደ ቆይቷል። እኔ እንደ ልማዴ ዝቅተኛ ትከሻዬን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ እንደማያዩኝ ትዝ አለኝ። ቀለለኝ። መቅለሉም አሳፈረኝ።

«ደረጃው ላይ ቆም አልሽ» አሉኝ።

«እርጅና ነው ሲስተር። እርስዎ አያርፉበትም?»

«እኔማ ተሸክመው ነው የሚያወጡኝ፤ እነሱ ይረፉበት።» ጥቂት ሳቁ። ከዚያ፣ የተጣመመ ጀርባ ውሎ አድሮ ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ያውቃሉና፣ ድምፃቸው የክሊኒክ ድምፅ ሆነ። «ትንፋሽሽ አጥሯል?»

«አላጠረም።»

«ስትተኚ ትራስ ታበዣለሽ?»

«የለም፣ አንድ ነው።»

«እሺ» አሉ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው ንግግሬን ሳይሆን አተነፋፈሴን ሲያዳምጡ ቆዩ። ዐይናቸው ባያይም መለካቱን አልተዉም ነበር።

ሲስተር አስካለ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ተዪልኝ ባሉኝ ጊዜ የተውሁት ስላመንሁበት አልነበረም፤ ሰልፍ ላይ የቆሙት ልጆች ስለነበሩ ነው። ይቅርታዬ በእነሱ ጀርባ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አፌን ያዝሁ፤ እርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ ያለ ይቅርታ ለኩ። አሁን ከእጅዎ ሥር የምትቆም ልጅ የለችም። ጠመኔውም ቱንቢውም በሌላ ሰው እጅ ናቸው። ስለዚህ የከለከሉኝን ልናገር፤ ሊከለክሉኝም አይችሉም። እናቴም ከመሞቷ በፊት ይቅር ብላዎት ነበር፤ እንዳልነግርዎት ስላሰሩኝ ሳላደርሰው ቀረሁ። እሷም እኔም አውፍ ብለንዎታል። እርስዎም ባሉበት፣ ትከሻዬን ይዤ ፊትዎ ለቆምሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ አውፍ ይበሉኝ።